ዲዩቲ ያደረች ተማሪ

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ሲለኝ ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቹ ባልንጀሮቼ፣ ለአንድ የርቀት ትምህርት ተቋም ቅዳሜና እሁድ ቲቶሪያል እሰጥ ነበር። ዐርብ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ እሳፈርና የጊቤን ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ አመሻሽ ላይ ጅማ እገባለሁ። የምንማማርበት ክፍል የተከራየ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ወንበሩ ለሰባት ዓመት ሕፃን የተሠራ ስለሆነ ተማሪዎቼ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው ነው የሚቀመጡት። አስተማሪ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ፤ ነርሶችም አሉ።

አንድ ቅዳሜ ስለ አንቀጽ አጻጻፍ እያስተማርኩ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሞጁሉን ተንተርሳ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ወጣትነት ክፉ ነው! ሄድኩና ጠረጴዛውን በዳስተር መታ መታ አድርጌ፣ «እዚህ መኝታ ቤት መሰለሽ እንዴ?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ሴትዮዋ ብድግ አለች። ፊቷ ላይ የሞጁሉ ጠርዝ ተስሎ ቀርቷል።

«ይቅርታ ቲቸር፤ ከሰቃ ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ሦስት ወላድ ነበረብኝ።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። እኔም የምገባበት ጠፋኝ። በዕረፍት ሰዓት ፈልጌ አገኘኋትና ቡና ጋበዝኳት። (ጅማ ውስጥ ለሰቃ ሰው ቡና መጋበዝ ለወንዝ ውኃ እንደ ማቅዳት ቢሆንም፣ ሌላ የይቅርታ መንገድ አልመጣልኝም።) ምን እንደምታጠና ጠየቅኳት።

«ማኔጅመንት።»

«ነርስ ነኝ አላልሽም? ምነው ታዲያ ነርሲንግ አትማሪም?»

«ነርሲንግማ በርቀት የለም ቲቸር። መደበኛ ልግባ ብል ልጄን ማን ያበላልኛል?»

ይህን መልስ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ሰው የሚሠራውን ሥራ ጠንቅቆ እንዳይማር፣ የማይሠራውን ግን እንዲማር የሚያደርግ አሠራር ከሰማይ አይወርድም፤ ታሪክ አለው። እስቲ ከሥሩ እንነሳ።

ነርስነት ወደ አገራችን ሲገባ በትልቅ በር ነው የገባው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ሳሉ ሴት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ሙያውን ተማረች፤ በ1931 ዓ.ም. ጨርሳ ተመረቀች። ልብ በሉ! በቤተ መንግሥት ያደገች ልጅ፣ ሽርጥ ታጥቃ፣ የሰው ልጅ ስታጥብ። የበሽተኛን ገላ ማጠብ የገረድ ሥራ ተደርጎ በሚቆጠርበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ተመልሳ አቢይ አበበን አገባች፤ ከባሏ ጋር ወደ ለቀምት ወረደች። እዚያው በ1934 ዓ.ም.፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም፣ በ22 ዓመቷ አረፈች። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ በስሟ ሆስፒታል እንዲቆም አደረገች፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ለአገሪቱ ነርሶች ፈር ከቀደዱት አንዷ በወሊድ ጣጣ፣ ከአዲስ አበባ ርቃ ሞተች። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ የሰቃ ሴትና ሦስቱ ወላዶቿ ይመጡብኛል።

ሁለተኛው በር ጎንደር ላይ ተከፈተ። በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አንድ የጤና መኮንን፣ አንዲት የኅብረተሰብ ነርስ፣ አንድ ሳኒተሪያን፣ ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይይዛሉ። ነርሷ ከሆስፒታል አልጋ ሥር ወጥታ በየቤቱ እንድትዞር ያደረገው ይህ ነው። ችግሩ ግን መሰላሉ የተሠራው አንድ እርከን ብቻ ሆኖ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያ የወረደችው ነርስ እዚያው ጤና ጣቢያ ታረጃለች። ለረጅም ዓመታት የሙያው ጣሪያ ዲፕሎማ ነበር፤ የነርሲንግ ዲግሪ በአገር ውስጥ በስፋት የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። እስከዚያው ድረስ ገበሬው «ዶክተር» እያለ ይጠራታል፤ የደመወዝ መዝገቡ ግን ዲፕሎማ ይላታል።

ወደ ጅማ እንመለስ። የጅማ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ብለው የሠሩት ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ፤ በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ተባለ። በ1983 እ.ኤ.አ. የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመሠረተና በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኢንስቲትዩቱ መፈክር ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ነው። የሐኪሙም፣ የነርሱም፣ የላቦራቶሪውም ተማሪ አንድ ላይ ተደባልቆ ወደ አጋሮ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ ይላካል፤ በየቤቱ እየዞረ መጸዳጃ ይቆጥራል፣ እናቶችን ይጠይቃል። አገራችን ውስጥ ከተሞከሩት የትምህርት ሐሳቦች ሁሉ ይህን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ተማሪው ጊዜው ሲያልቅ ፍራሹን ጠቅልሎ ይመለሳል። እዚያ የምትቀረው፣ ለተማሪዎቹ መንደሩን ስታሳይ የከረመችው ነርስ ናት። እሷን ወደ ትምህርቱ የሚያመጣ መኪና አልተመደበም።

መኪና ከሌለ ፖስታስ? ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ የተጀመረ አይደለም። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ የአጭር ጽሕፈት ትምህርቱን በፖስታ ካርድ ይልክ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 እ.ኤ.አ. ግቢውን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ፈተናውን ከፈተ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ማንዴላን በደብዳቤ አስተምሯል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚቀርበው አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ጄምስታውን በምትባል ከተማ በ1900 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሾቶኳ የነርሶች ትምህርት ቤት ነው። ነርስነትን በፖስታ ያስተምር ነበር! የሙያው መሪዎች ተነሱበት። በሽተኛ ሳይነካ ነርስ የለም፤ የልብ ትርታ በደብዳቤ አይቆጠርም የሚል ነበር የክርክራቸው ፍሬ ነገር።

እኔ ለሰዎቹ ግማሽ እውነት እሰጣቸዋለሁ። በሽተኛ ነክታ የማታውቅ ልጅ በፖስታ ነርስ ልትሆን አትችልም። የሰቃዋ ሴት ግን በሽተኛ አልጎደላትም። ሌሊቱን ሦስት አዋልዳ መጥታለች! የጎደላት የቀረው ግማሽ ነው፤ ያቺ ሦስተኛዋ ወላድ ለምን እንደዚያ እንደደማች የሚነግራት መጽሐፍ፣ መጽሐፉን የሚያብራራላት ሰው፣ ካወቀች በኋላም ማወቋን የሚመሰክርላት ወረቀት። የርቀት ትምህርት ለጀማሪ የማይሆን ሆኖ ሳለ ለሠራተኛ ግን የተሠራ ነው ማለት እችላለሁ። እኛ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ለመማር አልጋ የማያስፈልገውን ማኔጅመንት በርቀት ሰጠናት፤ አልጋው እጇ ላይ ያለውን ነርሲንግ ከለከልናት።

የርቀት ትምህርት እኛ አገር ክብር አጥቶ አያውቅም እንዳልል ጥፋታችንን አውቃለሁ። ሞጁል ጽፌያለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከሌላ መጽሐፍ ቆርጬ እየቀጠልኩ። አሳይመንት አርሜያለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ስሙን ሳላነብ። መንግሥትም በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርትን ከነጭራሹ አገድኩ አለ፤ ጥራት ጠፋ ብሎ። ጥራቱስ ጠፍቶ ነበር። የሚገርመው ግን የዚያ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው በ1995 እ.ኤ.አ. የማስተርስ ዲግሪ ያገኙ ሰው መሆናቸው ነው። ተቋማቱ ጮኹ፤ ብዙም ሳይቆይ እገዳው ላላ። በዚያ መሀል ሰቃና አጋሮ ያሉ ተማሪዎች የከፈሉት ገንዘብ ቀልጦ ይቀር ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ።

ጎረቤቶቻችን ሌላ መንገድ ሞከሩ። ኬንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ከአምሬፍ ጋር ሆና ከ20 ሺህ የሚበልጡ ዝቅተኛ ደረጃ ነርሶቿን በኮምፒዩተር ለማሳደግ ተነሳች። ነርሷ ሥራዋን አትለቅም፤ ኮምፒዩተሩ ወደ ጤና ተቋሙ ይመጣል፤ የተግባር ትምህርቱን እዚያው በአካል ትወስዳለች። እኛም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመሳሳይ ነገር ጀምረን ነበር። ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ያው መለስ የተማሩበት ኦፕን ዩኒቨርሲቲ 13 ሞጁሎች አዘጋጀ። ሞጁሎቹን አንብቤያቸዋለሁ፤ እኔ ከጻፍኳቸው ጋር ማወዳደሩ ይቅርብኝ። ለዝቅተኛዋ ሠራተኛ መጻፍ ለሊቅ ከመጻፍ እንደሚከብድ ከእነሱ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ስልክ መጣ። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገር ሲገባና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁሉም ሰው «ኦንላይን» የሚል ቃል አፉ ላይ አደረገ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለ ጊዜ፣ ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘግቶ ነበር። በሩ በአንድ ሰው ጣት የሚዘጋ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?

ያቺን የሰቃ ሴት ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን አገኘኋት። ጅማ ለአንድ ጉዳይ ሄጄ፣ ሰቃ ቅርብ ናትና ደወልኩ፤ አልረሳችኝም። («እንዴት ይረሳል ቲቸር፤ መኝታ ቤት መሰለሽ ብለውኝ!») በማኔጅመንት ተመርቃ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ደመወዟ ተሻሽሏል፤ ሌሊት ትተኛለች። ቤቷ ግቢ ውስጥ ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሰቃ ግን በዚያ ዲግሪ ምክንያት እጇ የለመደ አንዲት አዋላጅ አጥታለች። በዚያው ወረዳ ጅማ ዩኒቨርሲቲና የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ እናቶች ጤና ተቋም መጥተው እንዲወልዱ የሚያደርግ ጥናት ሲያካሂዱ፣ የእናቶች ማቆያ ሲያሠሩ፣ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ቫውቸር ትፈርም ነበር። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሷ ናት፣ ቡናውን እየቀዳች።

ያኔ ማን ያበላልኛል ያለችው ልጅ ዛሬ ነርስ ናት። ዲፕሎማዋን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ዲግሪውን ደግሞ ጅማ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ንባቡን በስልክ፣ ተግባሩን በአካል ትማራለች። ገና ሳልቀመጥ የጠየቅኳት ዕውቅና እንዳለው ነው። ሳቀች። «ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ድረስ ሄጄ አይቼ ነው የተመዘገብኩት ጋሼ። ደሞ ስጨርስ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ፤ እሱ የት ተማርሽ አይልም።» እውነቷን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የተመረቀ ነርስ ብሔራዊ ፈተና ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም። እናቷ ያላገኘችው መመዘኛ ነው።

የምትማረው በቴሌግራም በሚላክ ፒዲኤፍ ነው። ሞጁሉ እንግሊዝኛ፣ በሽተኛው አፋን ኦሮሞ፣ ሪፖርቱ ሌላ። ኔትወርኩ የሚይዘው የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ጋ ብቻ ነው። ባለፈው አሳይመንት የማስገቢያው ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ተረኛ ናት። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጽፋ ጨርሳ ልትልክ ስትል፣ አንዲት እናት በባጃጅ መጣች፤ ምጧ ተፋፍሟል። ልጅቷ ጓንቷን አጠለቀችና ዘበኛውን ጠራች። ሽማግሌ ናቸው፤ ማንበብ አያውቁም።

«አባባ፣ ይህቺን መስኮቱ ላይ ይያዙልኝ። ክቡ መዞሩን ሲያቆም ይንገሩኝ።»

ዘበኛው በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ስልኩን ይዘው ቆሙ። ከመጋረጃው ወዲያ እናትየዋ ትጮኻለች፤ ልጅቷ «በርቺ፣ በርቺ» ትላለች። በመሀል ድምጿን ከፍ አድርጋ ትጠይቃለች፦

«አቆመ አባባ?»

«ይዞራል ልጄ፤ ገና ይዞራል።»