በሐረር የሕፃናትን ኩላሊት ስለ መመርመር

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር እንደ ሆነ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ ይመሰክራል፤ በእርግጥም ኩላሊት ለብዙ ዘመን ከሰው ዐይን ተሰውሮ የኖረ ብልት ነውና፣ ዓሚር ኑር ባሠሩት ቅጥር ውስጥ፣ በጁገል፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ሲያስመልሰውና ጡት አልይዝ ሲል፣ ደዌው ከንዳድ ይሁን ከኩላሊት ለይቶ የሚነግር ስላልነበረ፣ ክርስቲያኒቱ እናት ወደ ጠበል፣ ሙስሊሚቱም ወደ ሼህ አባድር ደጅ ታቅፋው ትሄድ ነበር።

የፊዚክስ ሊቁ ሮንትገን በጀርመን አገር ኤክስሬይ የተባለውን ስውር ጨረር ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ኖቬምበር 8 ቀን ሲሆን፣ ወር ሳይሞላው የሐረር ገዥ ራስ መኰንን በአምባላጌ ድል አደረጉ። እኒሁ መስፍን ከዐድዋ በኋላ በሐረር ሆስፒታል አቋቁመው የጓደሉፕ ተወላጅ የሆነውን ሐኪም ጆዜፍ ቪታልየንን ሾሙበት፤ የካፑሲን ማኅበር መነኮሳትም ቅዱስ እንጦንስ በተባለ ስፍራ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያስታምሙ ጀመር። ታላቅ ምግባረ ሠናይ ነው፤ ሆኖም የዚያ ዘመን ሕክምና ዐይን ለሚያየው ቁስል ይበልጥ የተመቸ ነበር፤ አፍ ያልፈታ ሕፃን ደግሞ የሚያሳየው ቁስል የለውም።

ጨረሩ ራሱ አጥንትን እንጂ ለስላሳውን ኩላሊት አጥርቶ አያሳይም ነበር። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ሞዝስ ስዊክ በበርሊን፣ በደም ሥር ተሰጥቶ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር የሚወጣ መድኃኒት በሥዕሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ አደረገ፤ በ1960 ደግሞ እንግሊዛዊው ሆድሰን ሽንት ከፊኛ ወደ ላይ መመለሱና የኩላሊት ጠባሳ የተያያዙ መሆናቸውን አስረዳ። ሽንቱ ሲመለስ ተሕዋስያኑን ይዞ ይወጣል፤ ኩላሊቱ ይቆስላል፤ ጠባሳውም ከዓመታት በኋላ የደም ግፊት ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን የሽንቱን መመለስ የሚገልጸው ምርመራ ሕፃኑን ለጨረር ስለሚያጋልጥና በሽንቱ መውጫ ቀጭን ቱቦ ማስገባትን ስለሚጠይቅ፣ ጨረርም ቱቦም የማይሻው፣ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1958 ለዓለም ያስተዋወቀው አልትራሳውንድ በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

ዛሬ የሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ነው፤ እነዚህ ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባ የምለው የምርመራውን ሥርዓትና ተራ ነው። አልትራሳውንድ የኩላሊቱን እብጠት፣ የሽንት መውረጃውን መዘጋት፣ ጠጠርንና መግልን ያሳያል እንጂ ተሕዋስያኑን በስሙ አይጠራም፤ ስለዚህ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የሕፃኑ ሽንት በንጽሕና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ጥቃቅኑን ጠባሳ አጥርቶ የሚያሳየው የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ይህን መንገድ የታመመ ሕፃን ታቅፎ መጓዝ ለድኻ ቤተ ሰብ ከባድ ቀንበር ነው። ስለዚህ በሐረር ያለው ሐኪም የመጀመሪያውን የኩላሊት ልክ ጽፎ ለእናቲቱ ቢሰጣት፣ እርስዋም ወረቀቱን ይዛ በቀጠሮዋ ስትመለስ፣ ኩላሊቱ ከሕፃኑ ጋር እያደገ መሆኑን ወይም እድገቱ መገታቱን አስተያይቶ ማወቅ ይቻለዋል።