የጽሕፈት መኪናው፣ ጉባኤውና የዕድራችን መዝገብ

ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን ኀዘን ደርሶባቸው ስማቸውን ከኮምፒዩተሩ ብንፈልግ አጣነው። በእጅ መዝገቡ በ«ኃ» የተጻፈው ስም ኮምፒዩተሩ ላይ በ«ሀ» ገብቶ ኖሯል። ገንዘቡ እስኪወጣ ድረስ ለቀስተኛው ፊት አፈርን። ነገሩ የቆየ ታሪክ ስላለው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ፊደላችን ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 33ቱ በ7 ተባዝቶ 231 ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ግን 50 እንኳ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ሆሄውን አካልና ቅጥል አድርገው ከፍለው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሩ። ሐሳቡ የአንድ ሰው ነበር። እኛም በየመሥሪያ ቤቱ አካሉን መትተን ቅጥሉን ደግመን ስንመታ ነው ያረጀነው። ቅጥሉ አንዳንዴ ከአካሉ ራቅ ይልና አለቃ ይቆጣል፤ ደብዳቤው ግን ይነበባል።

ሊቃውንቱ ደግሞ በጉባኤ ሲመክሩ ኖሩ። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» የሚል መጽሐፍ ታተመ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም በ1970ዎቹ ሞክሼዎቹ፣ ማለት እነ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እነ ሰና ሠ፣ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበ። ሕዝቡ ግን እንደ ለመደው መጻፉን አልተወም። ጉባኤ ወሬ እንጂ ሥራ አያፈራም የሚሉ አሉ። እኛ እንዲያ አንልም። መኪናው አይበቃም ተብሎ ፊደሉ ተቆርጦ ቢሆን፣ ቦታ የማያጣበው ኮምፒዩተር ሲመጣ ማን ይመልስልን ነበር?

ኮምፒዩተሩም በግለሰብ ተጀመረ። በፈረንጆች 1980ዎቹ አሜሪካ የሚኖሩት አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በየፊናቸው ግዕዙን ከኮምፒዩተር አስገቡት፤ ሌሎችም ተከተሉ። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝም ብሎ ጭረት ሆነ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊፈታው አይችልም። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ስምምነት በፈረንጆች 1999 ለያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር አጸና። ዛሬ ከልጆቻችን ስልክ ወደ እኛ ስልክ የተላከ አማርኛ የሚነበበው በዚያ ነው።

ሆኖም «ሀ» እና «ኀ» የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ኮምፒዩተሩ በድምፅ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። አንድ ወጣት አባላችን፣ የመስቀል ፍላወር ልጅ ነው፣ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ ስም የሚፈልግ ዘዴ ማንም ሳያዘው ሠርቶ አሳየን። ከኮሚቴው ግማሹ ይሁን አለ፤ ግማሹ የአባላት ስም ስለሆነ መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤው ይየው አለ። እስከዚያው የእጅ መዝገቡ ከጸሐፊው መሳቢያ አይወጣም።