የተፋቱ ወላጆች ልጆች አስተዳደግ በፍርድ ቤት ውሳኔ፦ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ

የልጅ አስተዳደግ ውሳኔ ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጆቻቸው ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ሌላው ወላጅ መቼ እንደሚያያቸውና ቀለባቸውን ማን እንደሚከፍል ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ባለው የይፋት ቆላ ተፈጻሚው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ትቶ ነበር፤ ከባድ ምክንያት ካልገጠመ በቀርም አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠ፣ የዕድሜውንም ገደብ አነሳ። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ለውጡ ተገቢ ነው፤ ዳኛው ፊቱ የቀረበውን ልጅ ሁኔታ እንዲመረምር ያስገድደዋልና። ሆኖም ገቢ ብቻውን ሚዛን ከደፋ ድሃዋ እናት ትጎዳለች። የገቢ ልዩነት በቀለብ ሊካካስ ስለሚችል ልጅን ከለመደው እጅ ለመንጠቅ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ወላጆች ተስማምተው ሲፋቱም ስምምነታቸው እንዳለ አይጸድቅም። የልጆቹን ጥቅም በበቂ ካላስጠበቀ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ ተቀብሎ ስለ ልጆቹ ራሱ ይወስናል። ሽማግሌ በሸመገለበት ጉዳይ ይህ ሥልጣን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በባልና ሚስቱ ዕርቅና በንብረቱ ላይ ነው።

ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት በይፋት የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አማራጭ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይህን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። በሻፊዒ መዝሀብ ሕፃኑን ለማሳደግ እናት ትቀድማለች፤ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ይጠየቃል።

በዚህ አካባቢ ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ስደት ነው። እናት ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ልጁ አያቱ ወይም አክስቱ ዘንድ ይቀራል፤ ቆይቶ አባት «ልጄን ስጡኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ክርክር መንገድ ያሳየው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት ደግሞ በሕግ ያለኝ ሥልጣን ይከበርልኝ አለ። ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀደመና ለአክስቱ ፈረደ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የይፋት አያትም በዚህ ውሳኔ መከራከር ትችላለች።

ቀለብ ሌላው ፈተና ነው። ከፋዩ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል። ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ ግን ገንዘብ የሚያገኘው ምርቱ ሲደርስ በመሆኑ በየወሩ ክፈል የሚለው ትእዛዝ በቀላሉ ይስተጓጎላል። የክፍያው ጊዜ ምርት ከሚሸጥበት ወቅት ጋር ተገናዝቦ በውሳኔው ቢሰፍር አፈጻጸሙ ይቀላል። መክፈል እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት እንቢ ያለ ወላጅ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣል።

ክርክሩ እስኪቋጭ ልጁ መጉላላት የለበትም፤ የፍቺው አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። የመጨረሻው ውሳኔም ቢሆን እንደ ንብረት ክፍፍል አንዴ ተዘግቶ አይቀርም። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሁኔታው ከተለወጠ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።