የቡና ለቃሚው የሥራ ውል ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኋላ፦ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ

ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ሲተካ የሠራተኛውን መብቶች በብዙ ረገድ አስፍቷል። የዓመት ዕረፍት መነሻ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፤ ዝቅተኛው የቅጥር ዕድሜም ከ14 ወደ 15 ዓመት ሆኗል። የውሉን አጻጻፍ ግን ከሞላ ጎደል እንደነበረ ትቶታል። በእኔ እምነት በደቡብ ምዕራብ የቡና እርሻዎች የማሻሻያው ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው።

በአንቀጽ 5 መሠረት በሕግ ተቃራኒ ካልተደነገገ በቀር የሥራ ውል የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። በቃል ከሆነ ግን በአንቀጽ 7 መሠረት አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና ስሌት፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና የውሉን ዘመን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሠራተኛው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመው ጽሑፉ እንደ ውል ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ስምምነት ግን የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጣሪያውም ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት አድጓል። ስለዚህ ሠራተኛውን ፈትሾ ለመቅጠር የሚፈልግ አሠሪ ውል ይጽፋል። ለቃሚን የሚፈትን የለምና ወረቀቱም ይቀራል።

ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ነው። አመሻሽ ላይ ቀይ ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ ሚዛን ላይ ያወጣል፤ ካቦው ኪሎውን ይጠራል፤ ጸሐፊው ከስሙ ትይዩ ያሰፍራል። የዚያን ቀን ደመወዝ የሚወስነው ያ መስመር ነው፤ መዝገቡ ግን አሠሪው እጅ ይቀራል። የኪሎው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ቅጠልና ጥሬ ፍሬ ተገኘ ተብሎ ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ ሕጉ «ስሌት» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው። አዋጁ የክፍያ መዝገብ እንዲያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም እንዲታይና እንዲብራራለት ያዛል። ሆኖም ወቅቱን ጠብቆ ከካፋ፣ ከዳውሮ ወይም ከወላይታ የመጣ ሰው የማያውቀውን መዝገብ አሳዩኝ ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ክርክሩ የሚከረው የውሉን ዘመን በሚመለከት ነው። አንቀጽ 9 የሥራ ውልን በመርህ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። አንቀጽ 10 ግን በየዓመቱ ለተወሰነ ወቅት የሚደጋገም ሥራን ለይቶ ለተወሰነ ጊዜ ማዋዋልን ይፈቅዳል። ለቀማ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለቀማው ሲያልቅ ለአረም፣ ለጉንደላና ለችግኝ ሥራ እዚያው የቀረው ሰውስ? የሥራው ባሕርይ ተለውጧል፤ ወረቀት ግን የለም። በሕጉ ግምት ቋሚ ነኝ ሊል ይችላል፤ ያለማቋረጥ መሥራቱን የሚያስረዳለት መዝገብ ግን ያው አሠሪው ጋ ነው።

የበበቃ የቡና እርሻ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከመንግሥት ወደ ሆራይዘን ፕላንቴሽን ሲዛወርም ጥያቄው ያው ነበር። አንቀጽ 16 የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አይለውጥም ይላል፤ በቃል ብቻ የቆመ ውል ግን ከነምን ግዴታው እንደተላለፈ ለማወቅ ያስቸግራል።

የይርጋው ነገር ደግሞ አለ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ያልተከፈለውን ኪሎ «ስመለስ እጠይቃለሁ» ብሎ አገሩ የገባ ለቃሚ ለቀጣዩ ለቀማ ሲመጣ ጊዜው አልፎበታል።

ስለዚህ ረጅም ውል ማስፈረምን መፍትሔ አላደርገውም፤ 15 ቀን ሳይሞላው እርሻ ለሚቀይር ሰው ብዙም አይፈይድም። የሚሻለው የአንቀጽ 7ን ጽሑፍ ከሚዛኑ ወረቀት ጋር ማገናኘት ነው፦ የአሠሪው ስም፣ የኪሎ ዋጋና የቅነሳው ደንብ በራሱ ላይ የታተመበት ካርድ፣ የየቀኑ ኪሎ እየተሞላና ካቦው እየፈረመበት ለቃሚው ኪስ የሚገባ። ይህን ለማዘዝ አዋጁን መነካካት አያስፈልግም፤ መመሪያ ይበቃል።