ገበቴ የሚሠራ እጅ ለምን ተናቀ?



የሙያ ትምህርት መርጠው ቶርኖ ላይ የእንጨት ሳህን የሚሠሩ ልጆች «ቀለም ያልገባቸው ናቸው» ሲባሉ እንሰማለን። ይህ ንቀት ከየት መጣ ብንል መልሱ ያለው እዚያው አገራችን ታሪክ ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው በየገጠሩ ቤት ሊጥ የሚቦካው ከዋንዛ ግንድ በተፈለፈለ ገበቴ ነበር። ዕቃው ተወደደ፤ ሠሪው ግን ተናቀ። በጉራጌ አገር የጎጆውን ምሰሶ የሚያቆሙት የእንጨት ባለሙያዎች «ፉጋ» እየተባሉ ይሰደቡ፣ መሬት እንዳይዙም ይከለከሉ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከሰው አፍ ቶሎ አልወጣም።

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንምጣ። ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ጎራ ያለ ሰው የካምባ እንጨት ጠራቢዎችን ያያል። የሙያቸው ታሪክ የሚጀምረው ሙቲስያ ሙንጌ ከሚባል የዋሙንዩ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914-1918) ጊዜ በዛሬዋ ታንዛኒያ ካገኛቸው ጠራቢዎች ሥራውን ተማረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሙያውን ይዞ አገሩ ገባ። ከእሱ ቤት ወደ ጎረቤት እየተዛመተ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች እንጀራ ሆነ።

ቶርኖ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ይምጣ እንጂ መሣሪያውስ ጥንታዊ ነው። በግብፅ አገር በፔቶሲሪስ መቃብር ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ምስል አለ፤ አንዱ ሰው ገመድ እየሳበ እንጨቱን ሲያሽከረክር ሌላው ስለት ይዞ ይቀርጻል።

ሥራው ደግሞ ጭንቅላት ይፈልጋል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሀል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ የነበረው ሳህን ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። መላው ምንድን ነው? መጀመሪያ በወፍራሙ ማውጣት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን 3 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ይተዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ለወራት ተቀምጦ በየሳምንቱ ይመዘናል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደረቀ ማለት ነው፤ ያኔ እንደገና ቶርኖ ላይ ይወጣል። ደረቅ ጠንካራ እንጨት ስለት ቶሎ ስለሚያደነዝዝ ደጋግሞ መሳል፣ ትንሽ ትንሽ መላግ ነው። ታዲያ ይሄ ሒሳብና ፊዚክስ አይደለም እንዴ?

መምህራን ሆይ፣ ያንን የሚዛን መዝገብ ወደ ሒሳብ ክፍል አምጡትና ልጆቹ ግራፍ ይሥሩበት። ተማሪዎች ሆይ፣ ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ አቋርጠን፣ ወረቀታችንን ጥለን የመጣን ብዙዎች ነን። ስደት ሰርተፊኬት ያስጥላል፤ እጅ የለመደውን ሙያ ግን የትኛውም ኬላ ላይ አይቀሙንም።