ቀኗን ያከበረች መርከብ

በሸራ መርከብ ዘመን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተላከ ደብዳቤ እንደ ነፋሱ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይቆይ ነበር። ብሪታኒያ የተባለችው የእንጨት መርከብ ግን በእንፋሎት ኃይል፣ በሁለት ጎኖቿ በሚሽከረከሩ መቅዘፊያ ጎማዎች ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1840 ከሊቨርፑል ተነሥታ በ12 ቀን ከ10 ሰዓት ሃሊፋክስ፣ ካናዳ ገባች፤ ከዚያም ወደ ቦስተን ቀጠለች።

እኛን ይበልጥ የሳበን ሒሳቧ ነው። በቀን ከ30 ቶን በላይ ድንጋይ ከሰል ትፈጅ ስለነበር ወጪዋን ከተሳፋሪ ብቻ መሸፈን ይከብዳል። የድርጅቱ መሥራች ሳሙኤል ኩናርድ ግን አስቀድሞ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የፖስታ ውል ፈርሞ ነበር፤ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ይከፈለዋል፣ እሱም በተቆረጠው ቀን መርከብ ያስነሣል።

በፌብሩዋሪ 1844 መርከቧ ቦስተን ወደብ ላይ በበረዶ ታገተች። የከተማው ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው በረዶውን አስቆረጡና መውጫ ከፈቱላት። ወደባቸው የማይታመን ከተባለ አገልግሎቱ ወደ ኒውዮርክ እንዳይዞር ሰግተው ነበር።

እኛም አንዷ አባል ሲቸግራት የወር መዋጮዋ ቀን እንዳያልፍ የምንሸፍንላት ለእሷ ብቻ ብለን አይደለም፤ የማኅበሩ መታመን የሁላችንም ስለሆነ ነው።