የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የዜማ መምህራን ቀለባቸው ከየት ነበር?

የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ቀድሞ ዲሬክተሮችና ከዚህ ወጥተው ለትልቅ ደረጃ ስለ በቁት ተማሪዎች ብዙ እንደሚጻፍ እናውቃለን። እኛ የታሪክ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ግን ከዚህ ትምህርት ቤት በፊት በዚሁ አገር ስለ ነበረው፣ እስከ ዛሬም ፈጽሞ ስላልጠፋው ስለ ሌላው ትምህርት ቤት ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ያ ትምህርት ቤት ደወልና ጥቁር ሰሌዳ የለውም። ተማሪው ለመምህሩ ሳይከፍል ይማራል፤ መምህሩም የወር ደመወዝ ሳይቈጥር ያስተምራል። ታዲያ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ዘመን በምን ቆመ? መምህሩንስ ማን ሲያበላው ኖረ? የጽሑፋችን ነገር ይህ ነው።

ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው አገር፣ ማለት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቈላ የሚደርስ፣ ደጋው ብርዳም፣ ቈላው ገደላም ነው። የውጭ አገር ሰው ቢያየው ስለ መሬቱ መጐዳትና ስለ ዝናቡ ማነስ ይጽፍ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ግን ይህ አገር የሚታወቀው በዜማ ነው። የድጓ ተማሪ ከትግሬም ይምጣ ከሸዋ፣ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ሰው ደግሞ መንገዱ ወደ ዙር አምባ ነው፤ ዙር አምባም በጋይንት ነው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን መዋሥዕት ለሙታን ፍትሐትና መታሰቢያ የሚደርስ ነው። እንደ አበው ትረካ ቅዱስ ያሬድ ከንጉሥ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አምባ መጥቶ በዚያ አስተምሯል። በእስቴም ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ የቆማ ዜማ ከቤተልሔም፣ ከአጫብርና ከተጉለት ዜማ ጋር ስሙ ተለይቶ ይጠራል። ሦስቱም ስፍራ ሦስት ቀን በማይሞላ የእግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ቶማስ ፓከናም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ወደ ቤተልሔም መጥቶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ተደነቀ፤ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍም ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድንጋዩና ስለ እንጨቱ ሥራ የጻፉ አሉ። በዚያው ቅጥር ሥር በጎጆ ተቀምጦ ስለሚያስተምረው መምህር ኑሮ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን ያህል እንደ ሆነ እንናገር። ልጁ ፊደልና ንባብ ለይቶ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ከዚያም ዋናውን ድጓ ይቀጽላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች መለየት፣ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ደረቱን፣ ቅናቱን፣ ይዘቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን፣ ሂደቱን፣ ቍርጡን፣ እያንዳንዱን በየቦታው ማወቅ ይኖርበታል። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ይነገራል። ይህ ሁሉ የሚጠናው በቃል ነው፤ ሌሊት በጨለማ ይደገማል፣ ቀን በመምህሩ ፊት ይታረማል። ብዙ ዓመት ይፈጃል። የቃሉ ቋንቋ ግዕዝ ስለ ሆነ፣ ምሥጢሩን የሚሻ ተማሪ ከዜማው በኋላ ቅኔ ቤት መግባት አለበት፤ የእኛ አገር ልጆችም ለዚህ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራ፣ ወይም ወደ ጎረቤታችን ወደ ዋድላ ሲሄዱ ኖረዋል።

እንግዲህ ወደ ቀለቡ እንመለስ። ምንጩ ሁለት ነበር።

አንደኛው መሬት ነው። በበጌምድር ለካህናቱና ለደብተራዎቹ የአገልግሎት ዋጋ የሚሆን ሪም የሚባል መሬት ነበረ። መምህሩ በደብሩ ሪም ካለው ራሱም ባያርስ ከሚያርሰው ሰው ድርሻውን ይቀበላል። ይህ ለታላላቆቹ አድባራት መልካም ነበር፤ ለትንሿ አጥቢያ ግን መሬቱም ትንሽ፣ አንዳንድ ጊዜም በሪሙ የሚኖረው ሰው ሌላ፣ የሚያስተምረው ሰው ሌላ ነበረ። የሪም ባለቤትነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ፣ ወራሹ ዜማ ባያውቅ ሌላ አገልጋይ በምትኩ ያቆም ነበርና።

ሁለተኛው ምንጭ ተማሪው ራሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም የለብንም፤ በገጠር ያደግን ሁላችን አይተነዋል። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተ፣ በትር የያዘ ልጅ በደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይዘላል፣ ልጁ በበትሩ ይከላከላል፣ እናታችን ቍራሽ እንጀራ ወይም ጥቂት ቆሎ ይዛ ትወጣለች። አኮፋዳው ሲሞላ ልጁ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ከዚያ ቍራሽ ላይ ግን ለታመመው ጓደኛውና ለመምህሩም ይነሣል። እንጨቱን የሚሰብሩት፣ ውኃውን የሚቀዱት፣ ጎጆውን የሚሠሩትም ተማሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ልመናው ስንፍና አልነበረም። አገሩ ሁሉ ሳይሰበሰብና ሳይመክር፣ በየደጃፉ በቍራሽ የሚከፍለው የትምህርት ግብር ነበር ማለት ይቻላል። ደግሞም የባላገሩ ልጅ የሚለምነው በገዛ አገሩ አይደለም፤ የጋይንቱ ልጅ ጎጃም ሄዶ ይለምናል፣ የጎጃሙ ልጅ ጋይንት መጥቶ ይለምናል። አገር ከአገር እየተበዳደረ የሌላውን ልጅ ያስተምር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ቍጥር 31 ሲወጣ የመጀመሪያው ምንጭ ደረቀ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ነፃነት መሆኑን አንክድም፤ ከወላጆቻችን መካከል በዚያ አዋጅ መሬት ያገኙ ቤተ ሰቦች አሉ። ነገር ግን ሪሙ ሲቀር የመምህሩ ቀለብ በምን እንዲተካ አዋጁን ያወጡት ሰዎች አላሰቡበትም፤ ሊያስቡበትም አልፈለጉም። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ሁሉ በሁለተኛው ምንጭ፣ ማለት በአኮፋዳው ላይ ወደቀ።

አኮፋዳ ደግሞ የሚሞላው በባላገሩ ማድጋ እህል ሲኖር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይህ አገር ክፉኛ ተጐድቷል። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ዕርዳታ በኢትዮጵያ ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ራሱ በዕርዳታ እህል ዓመቱን የሚገፋ ቤት ለቈሎ ተማሪ ምን ይሰጣል? ይሰጣል እንጂ፤ ሲሰጥ አይተናል፤ ግን ቍራሹ ያንሳል። ቍራሹ ሲያንስ ተማሪው ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ተማሪ የሌለው መምህርም ውኃ የሚቀዳለት የለውም።

እዚህ ላይ በዓሉን የምናከብርለትን ትምህርት ቤት ሳንጠቅስ ማለፍ እውነትን መደበቅ ይሆናል። ዘመናዊው ትምህርት በየወረዳው ሲስፋፋ፣ ድሮ ደበሎ ለብሶ ይወጣ የነበረው ንቁ ልጅ ደብተር ይዞ ወደ እኛ መጣ። እኛም ከእነዚያ ልጆች መካከል ነን። ከክፍላችን አንዳንዱ ዳዊት ደግሞ፣ አንዳንዱም ጾመ ድጓ ጀምሮ የመጣ ነው። በመምጣታችን አንጸጸትም፤ የጐደለው ግን ምን እንደ ሆነ እናውቃለን።

የውጭ አገር ሰዎች ይህንኑ ቋንቋ ለመማር በፈለጉ ጊዜ ምን እንዳደረጉ መመልከት ደግሞ ይጠቅማል። ከበሽሎ ማዶ የመካነ ሥላሴ ሰው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በሮማ ተገናኙ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ አገራቸው አስጠርተው በቤተ መንግሥታቸው በክብር አስቀመጧቸው። ሉዶልፍም እየጠየቀ፣ አባ እየመለሱ፣ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ፤ መጽሐፉን አላዩትም። የበጌምድሩ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ አስተምረዋል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ 50 ሺህ ዶላር ለግዕዝ ትምህርት ሰጡ፤ በ2016 ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ ያንኑ ያህል ጨመረ፤ በሚከተለው ዓመት ጥር ወር ትምህርቱ ተጀመረ። እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያንም እያዋጡ ገንዘቡን አሳደጉት። የተዋጣው ገንዘብ በአደራ ይቀመጥና መምህሩ ከትርፉ ይከፈለዋል። ነገሩ ከሪም መሬት ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ መሬት በመሆን ፈንታ ገንዘብ መሆኑ ነው።

በእኛ አገር ይህን ለማድረግ አንድ እንቅፋት አለ፣ እርሱም ወረቀት ነው። ከቤተልሔም ያስመሰከረ መምህር ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቃል፤ ምስክሩም ያስመሰከሩት መምህር ቃል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ መምህር ሲቀጥር ዲግሪና ዲፕሎማ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ግዕዝን በቅኔ የሚቀኝበት ሰው፣ ግዕዝን በጥቂት ዓመት ከተማረው ልጅ በታች ይቈጠራል። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ሊጀምረው የሚችል አንድ ነገር እንጠቁማለን፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለግዕዝ ተመድቦ፣ ከአቅራቢያችን ደብር አንድ መምህር እየመጡ እንዲያስተምሩን፣ ዋጋቸውም ብር ባይገኝ በመኸር ጊዜ ከየቤቱ በቁና እየተሰፈረ እንዲሰጣቸው። የዘንድሮው ገብስ በጥር ይወቃል።